የሙሜ ጆሮ

ሙሜ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ዓይኑን ጨፍኗል። አሮጌዋ ቀይ የስፖርት መኪና ነዳጅ ሳይሰጧት፣ ማርሽ ሳይገባላት፣ በቆመችበት ዳገት የምትወጣ ይመስል ትጮኻለች። ምሳውን ይዛ የመጣችው ሚስቱ ኩብራ ሳህኑን እንደታቀፈች ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

የጭሮ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ሙሜ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ካዘነበለ አየር የሚስብ ቀዳዳ አያመልጠውም። ሌላው መካኒክ ቡሎን ሲፈታ ሲያስር ይውላል፤ እሱ ጣቱን ይቀስርና «እዚህ ጋ» ይላል። ስሙም እንጀራውም ይኸው ነው።

ዛሬ ግን ጣቱ አልተቀሰረም። ባለፈው ሳምንት ሚኒሞዋን፣ ቆማ የምትዞርበትን ፍጥነት፣ በካቻቢቴ ዝቅ አድርጎ ሸኝቷት ነበር፤ በደሳ ከተማ ሳትደርስ መጮኋን ቀጠለች። ባለቤቷ የጫት ነጋዴው አብዱናስር እስከ ዙሁር ሶላት ችግሯ ካልተገኘላት ድሬዳዋ እወስዳታለሁ ብሏል፤ ጋሽ ሙሜ ደክመዋል፣ ምን ይደረግ ብሎ። በክፋት አልነበረም፤ ሙሜን ያመመውም ይኸው ነው።

ኩብራ ግራ ገባት። ከሞተሩ ጩኸት ሥር ቀጭን ፉጨት በሩ ድረስ ይሰማታል። እሱ ግን ፉጨቱ አፍንጫው ሥር ሆኖ ሳለ ካቻቢቴውን ፍለጋ ይዳብሳል።

ያኔ ገባት። እቤት ስትጠራው ዝም የሚላት፣ ስታወራው ጀርባውን የሚሰጣት ለካ አኩርፏት አልነበረም። እሷ ግን አስጠላሁት ብላ፣ ብድሯን ልትመልስ፣ ስታኮርፈው ከርማለች።

ሳህኑን አስቀምጣ ተጠጋችና የእጁን አንጓ ያዘች። ጣቱን ይዛ ከሞተሩ ጀርባ ወደምትገኘው ቀጭን የጎማ ቱቦ ወሰደችው፤ የተሰነጠቀችው ከሥሯ ነው። ጣቱ ስንጥቁን ሲደፍን መኪናዋ ልትጠፋ ቃጣት፣ ከዚያ ረጋ ብላ ማንኮራፋት ጀመረች።

ሙሜ ዓይኑን ገለጠ። ያየው ሞተሩን ሳይሆን እሷን ነው።

ጆሮው ሥር ገብታ፣ በልጃቸው ስም ጠርታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባ ፈርዶሳ?» አለችው።

«ከረመዳን በፊት። ለማን ልንገር? ለአንቺ እንዳልነግር፣ ትሰጊያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

አብዱናስር የጩኸቱን መብረድ ሰምቶ ከመንገዱ ማዶ እየተቻኮለ መጣ፤ ጋሽ ሙሜ አገኙት እንዴ እያለ። ኩብራ ቀደመችና አዎ፣ እሱ ነው ያገኘው አለች።

ሙሜ ከንፈሯን አየ። ምን እንዳለች ገባው።

«አይደለም» አለ። «የሰማችው እሷ ናት። እኔ መስማት ትቻለሁ፣ አብዱናስር።»

አብዱናስር አዲስ ጎማ ቱቦ ላምጣ ብሎ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄደ።

ሁለቱ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ሙሜ ጣቱን ካነሳ መኪናዋ መጮኋ ነው። ኩብራ ግን እጇን ከእጁ ላይ ማንሳት ትችል ነበር፤ አላነሳችም።