በግራ በኩል የተጠረዘው

ልጄ መጽሐፉን ከመጭመቂያው ሥር ታወጣለች። ሁለት ሦስት ገጽ ትገልጥና ቀና ትላለች።

«አባባ፣ ምን አደረግከው?»

«ጠረዝኩት።»

«በየት በኩል?»

በየት በኩል ይጠረዛል? በግራ በኩል ነዋ። አርባ ዓመት መጽሐፍ ስጠርዝ በቀኝ በኩል የተጠረዘ ሲመጣልኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። የገጹ ቁጥር ከኋላ ይጀምራል። የፊተኛው ጠራዥ ሰክሮ ነበር ብዬ ጀርባውን በቢላ ቆርጬ ጣልኩ። ቅጠሎቹን በየቁጥራቸው ደርድሬ በግራ በኩል ሰፋሁት፤ ኮላ ቀብቼ አሳመርኩት።

«ማንጋ እኮ ነው» ትላለች። «የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ። እነሱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያነቡት።»

«ታዲያ ቀድሞ አይነገርም?»

«አንተ መቼ ትጠይቃለህ?»

ተሽከርካሪ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዬ ታስጠጋና አንድ ቦታ ገልጣ ታሳየኛለች። በሁለት ገጽ ላይ የተሳለ ሥዕል ነው። በአንደኛው ገጽ እንደ እሷ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ፣ በሌላኛው አንድ ጎረምሳ። ፊት ለፊት ሆነው ለመያያዝ እጃቸውን የዘረጉ ነበሩ። እኔ ገጾቹን አቀያይሬ ጀርባ ለጀርባ አድርጌአቸዋለሁ። የሁለቱም እጅ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ፣ ወደ ባዶ ተዘርግቷል።

«በአንድ ቀን አጣላሃቸው» ብላ ትስቃለች። «ግድየለም፣ ሲመጣ አሳየዋለሁ። አንድ ሳምንት ይስቃል።»

የምትለው የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የተገነጣጠሉ መጻሕፍት ያመጣልናል። እነዚህ አምስቱ ማንጋዎች ግን የራሱ ናቸው። አንብበሽ ስትጨርሺ አባትሽ ይጠርዟቸዋል ብሎ ለእሷ ነው የሰጣት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ፀጉሯን ተሠርታለች።

ቢላዬን እየሳልኩ አዳምጣታለሁ።

«ይቺን የመጽሐፉን ልጅ ለምን እንደምወዳት ታውቃለህ? ምቀኛ ናት። የጓደኛዋን አዲስ ጫማ ትደብቃለች። እኛን ሲስሉን ሁልጊዜ መልአክ ነው የሚያደርጉን፤ ይቺ ግን ሰው ናት። ሰዓሊው ወንበሩን አያውቀውም እንጂ። ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ላይ ቆመው ስለ ፍቅር ያወራሉ። እኔ ብሆን ገና ‹እወድ...› ሲለኝ ገደል ገብቼ ነበር።»

እስቃለሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

«አራተኛውን ግን ወርውሬዋለሁ። ጥጉ የተጨማደደው ለዚህ ነው።»

«ምን አደረገሽ?»

«ትተወዋለች። ሸክም እንዳልሆንበት ብላ ደብዳቤ ጽፋ ትሄዳለች። ደራሲው ይሄንን ትልቅ ፍቅር ይለዋል። ልጁን ማን ጠየቀው?» ድምጿ ይቀጥናል። «ሁልጊዜ ተነስተን የምንሄደው እኛ ነን። በየትኛው እግራችን እንደሆነ እንጃ።»

ስልኳን አንስታ ታያለች። «ሦስት ቀኑ፣ አያነሳም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ዛሬ ግን ይመጣል።»

ቢላውን አስቀምጣለሁ።

«አይመጣም» እላለሁ።

«ነገረህ?»

«ሰኞ መጥቶ ነበር። አንቺ ከአክስትሽ ጋር ሐኪም ቤት ሄደሽ። ኮት ለብሶ መጣ።»

«ምን ሊል?»

«ላግባት አለ።»

እጇ ጎማው ላይ ይቀራል። ውጭ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፍቶ ያልፋል።

«አልፈልገውም ብላለች፣ አልኩት። ንገረው ብላኛለች፣ እንዳይመጣ፣ አልኩት።»

«እኔ እንደዛ አልኩ?»

«አላልሽም።»

ታየኛለች። ሕፃን ሆና፣ ሐኪሙ አትራመድም ብሎ የነገረን ቀን እናቷ ያየችኝ አስተያየት ነው።

«እሱስ ምን አለ?»

«ከአፏ ብሰማው ደስ ባለኝ አለ። ወደ ሌላ ከተማ ዝውውር ደርሶት ኖሯል፣ በማግስቱ የሚሄድ። አትሂድ ብትለኝ እቀር ነበር አለ።»

«የት ከተማ?»

«አልጠየቅኩትም።»

ይሰለቻታል፣ ጥሏት ይሄዳል ብዬ ነው ልላት እከጅላለሁ። እውነት ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በቤቴ ከእሷ ድምፅ ሌላ ድምፅ የለም። ሁለቱንም አልናገርም።

መጽሐፉን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ወንበሯን ወደ በሩ ታዞራለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ቤተ መጻሕፍቱ። የሄደበትን እነሱ ያውቁታል።»

«ቢያውቁስ?»

ጎማውን ገፍታ በሩ ጋ ትደርሳለች።

ደጃፋችን ሁለት ደረጃ አለው። ጠዋትና ማታ ከነወንበሯ ብድግ አድርጌ የማወጣትም የማወርዳትም እኔ ነኝ። እነሳለሁ።

«ቁጭ በል፣ አባባ።»

በሩ ላይ ሆና መንገዱን ታያለች። ባዶ ጋሪ የሚገፋ ተሸካሚ ሲያልፍ ትጠራዋለች።

«ወንድሜ፣ አንዴ ታወርደኛለህ?»

ጋሪውን ያቆማል። እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ይመጣና ሳይነካት ይቆማል።

«የቱ ጋ ልያዝ፣ እህቴ?»

«ከኋላ፣ እጀታውን። መጀመሪያ ወደ ኋላ ጋደል አድርገው። አዎ። አሁን ወደ ታች ልቀቀው፣ ቀስ ብለህ።»

ብድግ አያደርጋትም። ጎማው ራሱ ይወርዳል፤ አንድ፣ ሁለት። ታመሰግነዋለች። ሰውዬው ወደ ጋሪው ይመለሳል፤ እሷ በሌላው አቅጣጫ ትሄዳለች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ፤ ጣቶቼ ላይ ኮላ ደርቋል። ሃያ ዓመት ከኋላዋ ሆኜ ስገፋት የማየው አናቷን ነበር። አሁን ከሩቅ ጀርባዋን አያለሁ። ጎማውን በሁለት እጇ ትገፋለች፤ ትለቃለች፤ ደግማ ትገፋለች። ትከሻዋ እንደ ግንበኛ ሰፊ ነው።