ፈንግል ሲገባ

አርያም ነጭ ሽንኩርቱን ከፌጦው ጋር ወቅጣ ስታበቃ ጤና አዳም ቆንጥራ ጨመረችና ሙቀጫውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የእናቷን መድኃኒት ይመስላል፤ ግን አይደለም። አንድ ነገር ጎድሎታል።

«እትዬ ጀሚላ፣ እስቲ ያሽትቱልኝ። ምንድን ነው የረሳሁት?»

እትዬ ጀሚላ ግቢውን ከእናቷ ጋር ሠላሳ ዓመት የተጋሩ ጎረቤት ናቸው። ጎንበስ ብለው ሽታውን ሳቡት፤ ወዲያው አስነጠሳቸው።

«አልሐምዱሊላህ! ይሄማ የሞተ ያስነሳል» አሉና ያሉት ነገር ራሳቸውን አስደነገጣቸው። «አፉ በይኝ ልጄ።»

አርያም ልብ አላለችውም። ዓይኗ አሮጌው ማድ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ገብስማዋ ዶሮ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት አሥራ ሦስት እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። ያስታቀፈቻት እናቷ ሀብትነሽ ናት፤ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች መርጣ፣ ቁጥራቸውን እንደ ልማዷ ጎዶሎ አድርጋ። በአራተኛው ቀን ሞተች። ዶሮዋ ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ ሁለት ቀን ቀርቷታል።

ሌሎቹን አራት ዶሮዎች ፈንግል አንገታቸውን እያጣመመ በሦስት ቀን ጠርጎ ወሰዳቸው። ገብስማዋ ማድ ቤት ተዘግቶባት ስለነበር እስካሁን ደህና ናት። እሷ ከወደቀች ግን እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ። ከቅርጫቷ የምትወርደው በቀን አንዴ ነው፤ ስትወርድ ከመድኃኒቱ በቀር ሌላ ውሃ እንዳታገኝ አርያም ከትናንት ማታ ጀምሮ በግቢው ያለውን ውሃ ሁሉ ደፍታለች።

ትናንት ቡልጋሪያ ሰፈር ያለው የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ ሳያባብል ነግሯታል። «ክትባት በሽታው ሳይመጣ ነው፤ አሁን ረፍዷል። ቅጠላ ቅጠሉ ደግሞ፣ ማለቴ፣ አቅም ቢሰጣት ነው እንጂ ፈንግልን አይመልስም።» አርያም አላመነችውም። ፈንግል የሰፈሩን ዶሮ ሲፈጅ የሀብትነሽ ዶሮዎች በነጋታው ተነስተው ሲጭሩ በዓይኗ እያየች ነው ያደገችው። እዚህ ካዛንቺስ፣ አብዛኛው ሰፈር ሳይፈርስ በፊት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጣሳ ይዞ ይህንን የመድኃኒት ውሃ ሊለምን ይመጣ ነበር።

«ጥቁር አዝሙድ ነበረው እንዴ?» አለች ወደ እትዬ ጀሚላ ዞራ።

«አልነበረውም።»

«እሬትስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምንም አልጎደለውም። ለሚለምናት ሁሉ ይህንኑ ነበር የምትሰጠው። የእነሱ ዶሮ ግን ሞተ፣ የእሷ ተረፈ። ለምን ይመስልሻል?»

«ለምን?»

«በሩን ትዘጋው ነበራ! ሰፈር ውስጥ አንዲት ዶሮ አንገቷ ተጣመመ ሲባል ይቺን በር ጥርቅም! ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰው ዶሮ አይገባ፣ ከገበያ የመጣ ጫማ አይገባ። የገዛ ወንድሟ ከመቀሌ መጥቶ ምሳውን በር ላይ ቆሞ አልበላም? እኔን እንኳ ከአትክልት ተራ ስመለስ እግርሽን ታጠቢ ብላ እንደ ወታደር ታስቆመኛለች። ሰዉ ኩራተኛ ናት ይላት ነበር።» ሳቁ፤ ሳቃቸው መሀል ላይ ቆመ።

ሁለቱም በሩን አዩት።

የቆርቆሮው በር ሀብትነሽ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ ድንጋይ ተደግፎበታል። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላም ሰው መምጣቱን አላቆመም፤ የተበተነው ጎረቤት መርዶውን በሰማ ጊዜ ከየዳርቻው ይመጣል። ስንት ጫማ ገባ? የስንቱን ግቢ አፈር ይዞ?

«እህቴን! ሀብትዬን!» የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

ጋሽ ገብረሃና ናቸው፤ ቀድሞ ከአጥሩ ማዶ ይኖሩ የነበሩ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ገላን የገቡ ሽማግሌ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በአንድ እጃቸው ዘንቢል አንጠልጥለው እያለቀሱ ይመጣሉ። ከዘንቢሉ የአንዲት ቄብ ዶሮ አንገት ብቅ ብሏል።

አርያም ሮጣ ድንጋዩን በእግሯ ገፋችው። በሩን ገርበብ አድርጋ ክፍተቱ ላይ ቆመች። ለቅሶ የመጣ ሰው ከበር ሲመለስ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይግቡ።»

ለቅሶው ተቋረጠ። ከኋላዋ እትዬ ጀሚላ «ያ ረቢ» ሲሉ ሰማች።

«እኔ ነኝ እኮ፣ ገብረሃና። አላወቅሽኝም?»

«አውቄዎታለሁ፣ ጋሼ።»

«ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ከመስቀል አደባባይ ደግሞ በእግሬ…» ዘንቢሉን ከፍ አደረጉት። «ይቺን ይዤልሽ። እናትሽ ከሰጠችኝ እንቁላል የተፈለፈለች ናት። ባዶ እጄን ከምሄድ ብዬ።»

ቄቧ ቁርጥ ገብስማዋን ናት። የአርያም እጅ ወደ ዘንቢሉ ሊዘረጋ ጀምሮ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«ፈንግል ገብቷል። ገብስማዋ ታቅፋለች። እማዬ ናት ያስታቀፈቻት።»

ሽማግሌው ዘንቢሉን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«ስንተኛ ቀኗ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ዝጊው እንጂ!»

ዘጋችው። ወዲያ ማዶ ጋሽ ገብረሃና እያቃሰቱ መሬት ላይ ሲቀመጡ ሰማች። ከዚያ ለቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

«ሀብትዬ! ዛሬም በር ላይ አስቀረሽኝ አይደል? አሁን ለማን አቤት ልበል፣ ሀብትዬ!»

እትዬ ጀሚላ የተወቀጠውን በውሃ በጥብጠው ለዶሮዋ አስቀምጠውላት ኖሮ፣ ከማድ ቤቱ ደጃፍ እጃቸውን አወናጨፉ።

«እንዳትነቃነቂ! ወርዳለች» አሉ በሹክሹክታ። «እየጠጣች ነው።»

አርያም ባለችበት ቁጢጥ አለች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። ሽማግሌውም ከማዶ ተደግፈውት ኖሯል። ሳግ በያዛቸው ቁጥር ቆርቆሮው ጀርባዋ ላይ ይርዳል።