የምንጩ ድርሻ

ከሰበታ ወጣ ብሎ ያለው የኦቦ መገርሳ መሬት ከአያታቸው የወረደ ነው። አያታቸው ጤፍ ዘሩበት፣ አባታቸው ድንች ተከሉበት። ዙሪያው መጋዘንና ፋብሪካ ሲሆን እሳቸው አልሸጥም ብለው ለአዲስ አበባ ሰዎች ጎመንና ሰላጣ ማልማት ጀመሩ። ደንበኞቹ በአባልነት ተመዝግበው የወቅቱን ክፍያ አስቀድመው ይከፍላሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አትክልቱ የሚጠጣው ከማሳው ራስጌ ከሚፈልቀው ምንጭ ብቻ ነው።

ከማሳው ግርጌ የሚያልፈው ወንዝ ወንዝ አይባልም። አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ጥቁር ነው። አረፋ ይደፍቃል፤ የበሰበሰ ቆዳ ይሸታል። ከብት እንኳ አሽትቶት ይመለሳል።

ዘንድሮ የበልግ ዝናብ ቀረና ምንጩ ቀጠነ። የአባላቱ ሰብሳቢ አቶ ዳኜ፣ ዓለም ገና ላይ መለዋወጫ ሸጠው ራሳቸውን ያቆሙ ሰው፣ «ለመኪና እጥበት እንዳትሸጡት» ብለው ኦቦ መገርሳን አስማሉ፤ ከምንጩ አንዲት ጣሳ ውሃ ከአትክልቱ በቀር ለምንም አትውልም። ሽማግሌው የአያታቸውን አፈር ጨብጠው ማሉ።

ሰላጣው ግን እንደለመለመ ቀጠለ።

«ከዚህች ክር ከምታህል ውሃ?» አሉ አንድ ቅዳሜ አቶ ዳኜ አብራቸው ለመጣችው አባል ለያኔት። «ሂሳቡ አይመጣም።»

ኦቦ መገርሳ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። «አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ።»

ምራታቸው ፌኔት ከሱቅ የመጣ ለስላሳ አቀረበች።

«ሻይ ይበቃን ነበር እኮ» አለች ያኔት።

«ሻይ… ዛሬ የለም» አለች ፌኔት አንገቷን ደፍታ።

ጓዳ ውስጥ የፌኔት ሕፃን ታለቅሳለች።

«ሆዷን አሟት ነው» አሉ ሽማግሌው።

አቶ ዳኜ ወደ ያኔት ጎንበስ አሉ። «ከሰላጣው ቀምሳ ይሆናላ!»

ጥቂት ቆይታ ፌኔት ጄሪካን ይዛ በጓሮ ወጣች። አቶ ዳኜ ተከተሏት። ወንዙ ዳር ተንበርክካ አረፋውን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ ሞላች። አቶ ዳኜ በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘው ምራቃቸውን ተፉ።

«ኧረ ነውር! ይሄን ነው የምታበሉን?»

ኦቦ መገርሳ እየሮጡ ደረሱ። «አቶ ዳኜ፣ በእግዜር፣ ለሰላጣው አይደለም።»

«ታዲያ ለጠበል ነው? ዛሬውኑ አባላቱን አስወጣለሁ።»

«እነሱ ከወጡ መሬቱን ለመጋዘን መስጠቴ ነው።»

«ይስጡት! ሲሚንቶ ቢከመርበት ይሻላል። ቢያንስ ሲሚንቶ አይበላም።»

ፌኔት ጄሪካኑን አዝላ ዳገቱን ወጣች። አቶ ዳኜ ስታፈስ እጅ ከፍንጅ ሊይዟት ከኋላ ከኋላዋ ሄዱ። የሰላጣውን መደብ አለፈችው። ጎመኑንም አለፈችው። በቦዩ ጥርት ያለ የምንጭ ውሃ ይወርዳል፤ ተራምዳው ማድቤት ገባች።

ውሃውን በነጠላዋ ጫፍ አጣርታ፣ ምድጃው ላይ በተጣደው የሕፃኗ አጥሚት ውስጥ ጨመረችው።