ግራ ትከሻ

ሄቲ የመልበሻ ክፍሉን በር ስትከፍት አንዲት ወጣት የልብስ ሠራተኛ የጥቁሩን ኮት ግራ ትከሻ ተርትራ ጥጡን ስታወጣ አገኘቻት። መሪ ተዋናዩ ዌንደል በወጣትነቱ ከፈረስ ወድቆ ያዘነበለውን ትከሻውን፣ በዚያ ጥጥ አርባ ዓመት ሙሉ ከካሜራ የደበቀችለት ሄቲ ነበረች። ዛሬ ደግሞ ስለ ረጅም የሥራ ዘመኑ ሊያመሰግነው ሆሊውድ አዳራሹን ሞልቶ ይጠብቀዋል።

“ማን ንኪ አለሽ?” ደሟ ፈላ። “በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልታዋርጂው ነው?”

“እትዬ፣ እሳቸው ራሳቸው...”

“እኔ ነኝ ያዘዝኳት” አለ ዌንደል፣ በሸሚዝ ብቻ ከመስታወቱ ፊት እንደተቀመጠ። “ያን ሁሉ ፊልም የሠራው ይኼ ትከሻ ነው። ዛሬ እንኳ ይጨብጨብለት እንጂ።”

“እኔን ሳትጠይቀኝ?”

“ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር?”

አርባ ዓመት የሰፋችውን በሌላ ሰው እጅ ማስፈታቱ ሄቲን አንገበገባት። መቀሱን ከልጅቷ እጅ መነጨቀች።

“እንዲህ አይተረተርም፤ ገበሩን ልትቀጂው ነው” አለችና ወንበር ስባ የራሷን ስፌት አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር።