የትርሲት ፈታሽ

ትርሲት ለአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ፕሮግራም የሕፃናትን መድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ኮድ ከነማብራሪያው ጽፋ ስትጨርስ ቢሮው አጨበጨበላት። ባልደረባዋ ይድነቃቸው ግን በቅናት ሳያጨበጭብ ቀረ። ኮዷን እንዲፈትሽ የታዘዘው እሱ ነበርና ሊያዋርዳት ቆርጦ ተነሣ። ክብደቱ ዜሮ የሆነ፣ ዕድሜው ያልተሞላ፣ በኪሎ ፋንታ በግራም የተመዘነ፣ ለሙከራ ወደ ፕሮግራሙ ያላስገባው ሕፃን አልነበረም። ስሕተት ባገኘ ቁጥር ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ እሷም ወዲያው ታስተካክላለች።

በመጨረሻ ሆስፒታሉ ሥራውን ወድዶ ተረከበ፤ ትርሲትም የክፍሉ ኃላፊ ሆነች።

«ምክትልሽን አንቺው ምረጪ» አሏት ሥራ አስኪያጁ።

ይድነቃቸው ሊወጣ ብድግ አለ።

«ይድነቃቸውን ስጡኝ» አለች ትርሲት። «እሱ ለኮዴ እንደተጨነቀው እናት ለልጇ እንኳ አትጨነቅም።»