ከተራራው የተመራው ጸሎት

ያፌት ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ካለው ቤተ ክርስቲያናቸው ፊት መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ፤ እትዬ ዓለምጌጥ ግን አልወረዱም። ዛሬ ከመዝሙር በኋላ ምስክርነት የሚሰጠው እሱ ነው፤ ከመግባታቸው በፊት ሊመርቁት ፈልገዋል።

«በእጅህ ቆፍረህ ልጄን አወጣህልኝ» አሉት። «ያን ዕለት ጠዋት ያ ሁሉ ጸሎት ባይደረግ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ያፌት መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ልጃቸውን ኢዩን የበረዶ ናዳ ከቀበረው ሦስት ሳምንት ሆነው። በሕይወት አለ። ነገር ግን የእናቱ ስም አንዳንዴ ይጠፋበታል፤ ያን ቀን ደግሞ ጨርሶ አያስታውሰውም። ስለዚህ የሆነውን የሚያውቀው ያፌት ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ነበር። ሆድ ግን የሚፈጀው እንጀራን እንጂ እንዲህ ያለውን አይደለም።

ተራራ የሚወደው ኢዩ ነበር። ወደ ኮሎራዶ ከመሄዳቸው በፊት የናዳ ኮርስ ወስዶ፣ ከሚሠራበት የግሬፕቫይን ሆቴል በእረፍት ሰዓቱ እየደወለ ያፌትን ሲያስጠናው ሰንብቷል። የሚያዝያ በረዶ ሌሊት ይጠጥራል፤ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይላላል፤ ከሥሩ ውሃ ይገባውና ከነጓዙ ይወርዳል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ መነሳት፣ ሳይረፍድ ቁልቁለቱን አቋርጦ መጨረስ ነው። ሲሻገሩም አንድ በአንድ እንጂ ተያይዞ መሄድ የለም። ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚት መስመጥ ከጀመረ ደግሞ መመለስ ነው፤ ክርክር የለውም።

ያፌት ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑን የማለዳ የስልክ ጸሎት የሚመራው እሱ ነው፤ ያን ዕለትም ከተራራው ግርጌ ሆኖ መምራት አማረው። ዳላስ አልጋቸው ውስጥ ሆነው የሚከታተሉት ስልሳ ሰዎች ነፋሱን እንዲሰሙለት ስልኩን ወደ መኪናው መስኮት ያስጠጋ ነበር። እግዜር ይይለት፣ ድምፁን ሳይቀር አሳምሯል።

«እትዬ፣ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ።

ነገራቸው። ግማሽ ሰዓት ሊበቃው የሚገባው ጸሎት ሁለት ሰዓት እንደፈጀ ነገራቸው። ኢዩ ትከሻውን ነክቶ ሰዓቱን እንዳሳየው፣ እሱም አይቶ እንዳላየ ዓይኑን መልሶ እንደጨፈነ ነገራቸው። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከፍ ብላ፣ ጫማቸው ይሰምጥ ነበር። ኢዩ እንመለስ አለ።

«ተጸልዮበት የለም ወይ አልኩት» አለ ያፌት። «እሱ ስለሚያውቅ ቀድሞ ገባ። ቆሜ እያየሁት ነው ናዳው የወረደበት። ማለቴ… ያረፈድነው በኔ ነው፣ እትዬ። እንሂድ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሲጨርስ ቀለል አለው፤ ስለቀለለውም አፈረ። እንዲሰድቡት ጠበቀ። በጥፊ ቢሉት እንኳ ደስ ባለው። ከመዘምራኑ አንዷ፣ ጊፍቲ፣ በመስኮቱ በኩል መዝሙሩ እንደተጀመረ በእጇ ጠቁማቸው አለፈች።

እትዬ ዓለምጌጥ አላዩዋትም።

«ጨርሰህ አሜን ልትል ስትል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተዘግቶ የነበረውን ድምፄን አንሚውት አድርጌ ‹ለልጄ መንገድ ለብቻው ጸልይለት› ያልኩህ እኔ ነኝ። ኢዩ ሰዓቱን ያሳየህ ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

ይህን አላሰበውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ሲያገላብጥ ከርሞ፣ እሳቸው ደጅ እንደሚያደርስ አልታየውም። ለእሳቸው ልመና ብቻ አርባ ደቂቃ ጸልዮ ነበር። ኢዩም ትከሻውን የነካው በዚያ መካከል ነው።

«በፊት ነው» አለ። «እርስዎ ሲናገሩማ አንዴ ረፍዶብን ነበር።»

«በፊት?»

«በፊት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለመውረድ ቀበቷቸውን መፍታት ጀመሩ፤ ጣታቸው ግን ቁልፉን እየሳተ ወንበሩን ደጋግሞ ይጫን ነበር።