የዋርሲኒ ምርጫ

«ምባክ ዋርሲኒ፣ እህት ዓለም፣ ዛሬስ ምን አገኘሽልን?» አለች ቲቲክ፣ የተጠቀለለውን ሲጋራ ጫፍ በመቀስ እየከረከመች። «የጂን ታሪክ እንደሆነ በቃኝ። ባለፈው ያሰማሽን ጊዜ ሽንት ቤት ለብቻዬ መሄድ ፈርቼ ባሌን ቀሰቀስኩት። ይኸው እስካሁን አኩርፎኛል!»

አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሴቶች ሳቁ። ዋርሲኒ አልሳቀችም። ቅርንፉድ የተቀላቀለበትን ትምባሆ ወረቀቱ ላይ ነሰነሰች፣ የእንጨት መጠቅለያውን እጀታ ሳበች፣ አዲሱን ሲጋራ ወደ ቲቲክ አሻገረች። አንዷ ትጠቀልላለች፣ ሌላዋ ጫፉን ትከረክማለች። ኢንዶኔዥያ፣ ኩዱስ ከተማ፣ በዚህ የሲጋራ ፋብሪካ አዳራሽ፣ እንዲህ ጎን ለጎን ከተቀመጡ አስራ አንድ ዓመት ሆናቸው።

ሰው ዋርሲኒን የሚያናግራት እየሠሩ የሚሰሙትን ፖድካስት እንድትመርጥላቸው ብቻ ነው። ለዚህማ ወደር የላትም። ለማን ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ባሏን ለፈታችው የሚያስቅ፣ ሁልጊዜ ጀርባዬን ጀርባዬን ለምትለው የሐኪም፣ ለትልልቆቹ የነቢያት ታሪክ። ማንም ያልሰማውን ከየትም ከየትም ፈልፍላ ታመጣለች። አለቃቸው ቡ ሩካያህ እንኳ ስልኳን ከድምፅ ማጉያው ጋር ካገናኘች በኋላ ዞር ብላ የምታየው እሷን ነው። ከዚያ በቀር ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋይ፤ አለቀ።

«"የተረፈ ሩዝ" የሚባል አለ» አለች ዋርሲኒ።

«ስለ ምግብ ነው?»

«ስሙትና ፍረዱ።»

የራሷ ነው። ከሥራ ስትመለስ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትቀዳው፣ አስራ ስምንተኛው ክፍል ላይ የደረሰ፣ ሦስት አድማጭ ያለው። ከሦስቱም አንዷ ራሷ ናት። ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። ዛሬ ግን ቆርጣለች። ድምፁ ሲሰማ ቲቲክ መቀሷን ጥላ «ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ?» ስትላት ይታያታል። እንዴት እፍር ብላ እንደምትስቅ ሳይቀር መስታወት ፊት ተለማምዳዋለች።

ማጉያው ተንኮሻኮሸና ድምፁ ወጣ።

«ዛሬም ሩዙ ተረፈኝ። ለአንድ ሰው መለካት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም፤ እጄ የሁለት ሰው ይሰፍራል። ትርፉን ሳህን ላይ አወጣና ክዳን እደፋበታለሁ። ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን ቢመጣስ?»

«ኧረ ይሄ ለቅሶ ነው፣ ቀይሩት!» አለች አንዷ ከኋላ።

«አፍሽን ያዢ፣ እንስማበት!» ብላ ቲቲክ አፈጠጠችባት።

ድምፁ ስለ አንድ ቀን ይናገራል፤ በሩ ሲንኳኳ ልቧ እንዴት እንደዘለለ፣ ሮጣ ስትከፍት ግን ሰውየው ቤት ተሳስቶ እንደነበር፣ ይቅርታ ብሎ ሲሄድ ቆማ እንዳየችው። ቲቲክ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ጣቶቿ ትምባሆ ብቻ ናቸው። መጠቅለያዎቹ ቀስ አሉ። ቡ ሩካያህ ሥራ ቀጥሉ ማለቱን ረስታ ግድግዳውን ተደግፋለች።

ዋርሲኒ ጠበቀች። ክፍሉ አለቀ። ወደ እሷ የዞረ የለም።

«ድምፅዋ» አለች በመጨረሻ፣ «የምታውቂውን ሰው አይመስልም?»

ቲቲክ አሰበች። ከልቧ ነው ያሰበችው፣ ቅንድቧን ሰብስባ። «የሬዲዮ ሰው ትመስላለች። አነጋገሯ የተማረ ሰው ነው። ጃካርታ ሳትሆን አትቀርም።»

እንግዲህ ምን ይባላል! እርግጥ ዋርሲኒ የምትቀዳው በትምህርት ቤት ኢንዶኔዥኛ ነው፤ እዚህ የሚወራው ደግሞ ጃቫኛ። ግን በቋንቋው ማሳበብም አይሆንም። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚህ አዳራሽ ሦስት ዓረፍተ ነገር አከታትላ አውርታ አታውቅም። አልቅሺ አልቅሺ አላት።

የእረፍት ደወል ተደወለ። ሴቶቹ ስልካቸውን ከየቦርሳቸው ማውጣት ጀመሩ።

«ምባክ፣ ለዚህች ሴት የሚጻፍላት የቱ ጋ ነው?» አለች ቲቲክ።

ዋርሲኒ ጎንበስ ብላ የሚነካውን ቦታ አሳየቻት። ቲቲክ የምትጽፈውን ጮክ ብላ እያለች በአንድ ጣቷ ለቀመችው፦ «እህቴ፣ እሁድ እኔ ቤት ነይ። የጎሽ ሥጋ ሾርባ እሠራልሻለሁ። ልጆቼ ይረብሹሽ ይሆናል እንጂ ብቻሽን አትበዪም። ኩዱስ ነኝ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር።»

ቲቲክ የት እንደምትኖር ዋርሲኒ ገና ዛሬ ሰማች። ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ቦርሳ ውስጥ ስልኳ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

«እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት፤ ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ግን ከዚያስ? ቲቲክ በድንጋጤ ክው ትላለች፣ አዳራሹ ሁሉ ያፈጥባቸዋል፣ ግብዣውም ከልብ መሆኑ ቀርቶ የይቅርታ ይሆናል። ደግሞስ የተጠራችው እሷ መች ሆነች? የጃካርታዋ ናት። ዋርሲኒ በዚያች ሴት ቀናች። ቀናች ስላችሁ፣ እንደ ጣውንት ነው የቀናችው።

ፊቷን የምትታጠብ መስላ ወደ ቧንቧው ሄደች። ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ጻፈች፣ ላከች፣ ውሃውን ከፍታ ዘጋችው። ተመልሳ ከመቀመጧ ቲቲክ ክንዷን ያዘቻት።

«መለሰችልኝ! ምባክ፣ መለሰችልኝ እኮ!» አግዳሚው ጠባብ ነውና ስትዞር ጉልበቷ ከዋርሲኒ ጉልበት ጋር ተጋጨ። ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ አሳየቻት። «"አላህ ይስጥልኝ፣ ግን ሩቅ ነኝ" ትላለች። ምስኪን! ምነው እዚህ ቅርብ በሆነች።»